ስንዝር

ዘጠነኛ «ለ» ነው፣ ከጅሬን ተራራ ሥር፤
ባሕር ያላየ መምህር ስለ ባሕር ሲያስተምር።
ብርቱካኑ ምድር፣ ሎሚዋ ጨረቃ፣
ለውቅያኖሱ ደግሞ አንድ ባልዲ በቃ።

«ስበት ማለት» አልኳቸው፣ «ገመድ አልባ ጉተታ፣
ከቅርብ የሚጠብቅ፣ ከሩቅ የሚፈታ።
ፊት ለፊቷ ያለው ውሃ ወደ እሷ ይነሳል፤
በጀርባ በኩል ያለው፣
ምድር ከሥሩ ተስባበት፣ ኋላ ቀርቶ ያብጣል።
ሁለት ጉብታ ነው፤ ምድር በመሃል ስትዞር
ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል ከዳር።»

ከመጨረሻው ወንበር ሸምሲያ እጇን አውጥታ፣
«ቲቸር፣ አዌቱስ?» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ።
«ድልድዩ ሥር ነው ቤታችን፤ ክረምት ደጃችን ይደርሳል፤
ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ምንም አይለው፣ ይተኛል።»
ክፍሉ ሳቀ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ መልስ የያዝኩ መስዬ፤
ደወል ደርሶልኝ ወጣሁ፣ ጠመኔዬን ጥዬ።

ማታ በር ላይ ቆምኩኝ። ዘበኛው ወርዶፋ፣
የባሕር ኃይል ካፖርቱ በትከሻው የሰፋ፣
ምጽዋ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ሲለካ የኖረ፣
በወደቡ እንጨት ላይ ቁጥር ሲያነብ ያደረ።
ጥያቄዋን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤
ደብተር መዘዘ ከኪሱ፣ ጠርዙ በጨው የደረቀ።

አሥራ አራት፦ ከሌሊቱ ስምንት ከአሥር። ሙሉ።
አሥራ አምስት፦ ዘጠኝ ሰዓት። ሙሉ።
አሥራ ስድስት፦ ለአሥር፣ አሥር ጉዳይ። ሙሉ።

ሃምሳ ደቂቃ በቀን፣ ሳትሳሳት የምትዘገይ።

«መርከቡም ሄደ» አለኝ፤ «ወደቡም የሰው አገር፤
ሰዓቷን ግን አልቀየረች፤ ይኸው እቆጥራለሁ ከበር።
ስትጠራው ባሕር እንደሆን በጠሯት ቅጽበት አይመጣም፤
እየተጎተተ ነው የሚደርስ፤ ግን ሳይደርስ አይቀርም።
አዌቱን አትውቀሱት፤ ጠባብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር
እኩል ትስበዋለች፤ ከየት አምጥቶ ይከመር?
ባሕር ከሩቅ ተጠራርቶ፣ በርክቶ ነው የሚያብጥ፤
ይኼ ደግሞ ጊቤ ገብቶ፣ በኦሞ በኩል ሲያመልጥ
ቱርካና ሐይቅ ላይ ያልቃል፤
ባሕር ሳያይ ይቀራል።»

እንደ እኔ፣ አልኩኝ በሆዴ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ፣
ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ቀድሞ ያላየሁት ጉዳይ፦
ድንጋዩም ይነሳል።
ጅማ ከነቆርቆሮዋ፣ ከነአውራ መንገዷ፣
ከነመርካቶ ጫጫታዋ፣ ከነባለ ሚናር መስጊዷ፣
በቀን ሁለቴ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ዝቅ ትላለች።
ብርጭቆ ውሃ አይፈስም፤ አልጋ አይንቀጠቀጥም፤
ሁሉ አብሮ ስለሚነሳ፣ ማንም «ተነሳሁ» አይልም።

ጠዋት፦ «ሸምሲያ፣ አዌቱ አይተኛም፤ ወንዙ ከነአልጋው፣
ድልድዩም፣ ቤታችሁም፣ አንቺም፣ የምትለኪበት ግድግዳው
አብራችሁ ትነሳላችሁ፤ ለዚህ ነው ያላየሽው።»
«ታዲያ በምን አወቁ?»
ይኸኛውን ጥያቄ ለነገ አሳደርኩት።

ለወርዶፋም ነገርኩት። እስክሪብቶዬን ወሰደ፤
ከምጽዋ ዓምድ ጎን አዲስ መስመር ወረደ፤
ከአናቱ «ጅማ» ብሎ፣ «ስንዝር» ሊል ሲጀምር
ቀና አለና ጠየቀኝ፦
«በማን ስንዝር?»