ደርሶ መልስ

አርብ በማለዳ፣ የሩሐም ሳትነቃ፣
የጎማ መንፊያ ድምፅ ከደረጃው በታች፤
«አባ፣ ተነሥ እንጂ!» ልጄ ነች፣ አቢሻግ፣
የራስ ቁሯን አስራ በር ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።
«ወዲያ ነው» አለች።
«ወዲያ ምን አለ?»
«ምንም» ብላ ሳቀች።

እኔ ባደግሁበት መንገድ ምክንያት አለው፤
ወይ ገበያ ወጥቶ፣ ወይ ለቅሶ ደርሶ ነው።
ያለ ጉዳይ ሄዶ ሲመሽ የተመለሰን
«ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ያዝንለታል ሰው።

ከከተማው ጀርባ አስፋልቱ አለቀና
ጠጠሩ ጀመረ፣ ጥርስ የመሰለ፤
ከጎረቤቴ ከፕሮስፔር የተዋስኩት ብስክሌት
እንዳልገሩት በቅሎ ከሥሬ ዘለለ።

ከዚያ ምድር አበቃች። እልም ያለ ገደል፤
ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣
እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው ከፍቶ
ጉሮሮው ድረስ ፀሐይ ገብታ ስትታይ።

በዕብራይስጥ ስሙ ትልቁ ሙቀጫ ነው።
ማን ወቀጠበት? ዘነዘናው ምን ነበር?
አቢሻግን ብጠይቃት «ውኃ ነው» አለችኝ፤
«ውኃ?» አልኩ ዞሬ፣ አንድ ጠብታ ሳይኖር።

ቁልቁል ስንወርድ ሰው አየን፣ የሰው ዓይነት፦
አንዱ በገመድ ታስሮ፣ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ
(ምን አጥፍቶ ይሆን?)
ሲወርድ አጨበጨቡለት፤
ደግሞ ወጣ፣ እንደገና ልውረድ ብሎ።

ሽበታም ባልና ሚስት፣ ጃንጥላ ሥር፣
በመነጽር ወፍ ይቆጥራሉ።
«ስንት ደረሰ?» ብላቸው
«ሦስት!» አሉ።
ሌሊት ተነሥተው፣ ለሦስት ወፍ፣
ደስታቸውን አልቻሉ።

ከዚያ የግራር እሾህ። ጎማዬ ተነፈሰ፣
እንደ ሽማግሌ «እፎይ» ብሎ ተቀመጠ።
ማጣበቂያው ቤት ነው። መንፊያው አለ፣ ምን ይሠራል፤
ብረቱን ስገፋ ቀትሩ እየቀለጠ።

እግሬ በረሃ ያውቃል። ይህን አልነገርኳትም።
ያውቃል በጨለማ፣ ያውቃል በጸጥታ፤
ወደ ሱዳን ድንበር፣ ሳል በነጠላ ታፍኖ፣
ቀን እሾህ ሥር ተኝቶ፣ መንገዱ ለማታ፤
ውኃው በክዳን ሲለካ፣
የአባቴን ተረከዝ ብቻ ስከተል።
ያኔም «ወዴት?» ስል «ወዲያ» ነበር መልሱ፤
ግን ያ ወዲያ ሌላ ነው።
አልሳቁም እነሱ።

አቢሻግ ቀድማኝ፣ አሸዋው ላይ ተንበርክካ
በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቀለም ትደረድራለች፤
ነጩን፣ ብርቱካኑን፣ የጠላ አተላ የመሰለውን።
«አባ፣ ያዝልኝማ፣ እንዳይነቃነቅ» አለች።

ያዝኩላት። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።
ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠርሙስ ይዤ ቆምኩኝ፤
የሚያሳድደኝ የለ፣ የምደርስበት የለ፤
ጥላዬ እግሬ ሥር እንደ ውሻ ተኛችልኝ።

ሰኞ ዕለት ትንሹ ልጄ፣ ኤልያሽቭ፣
ጠርሙሱን እንደ ቅል ናጠው፤
ያ ሁሉ ቀለም ገባና አንድ ሆነ፣
ስም የማላውቅለት፣ ዳለቻ ነው ልበለው?
አቢሻግ ኮረፈች። ለሁለት ቀን።

ረቡዕ ማታ ፕሮስፔር ጎማውን ለጥፎ
እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦
«ደግሞ ወዴት ልትሄድ ነው?» አለኝ።
«ወዲያ» አልኩት።
«ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም» ማለት ከበደኝ።
ባደግሁበት አገር እንዲህ አይባልም።
«ጉዳይ አለን» አልኩት፣
«አሸዋ አልቆብናል።»