መስመሩ ተይዟል

ሰባ ሦስት ሲገባ ባሊና ከተማ
የቅቤው ዋጋ ነው ከሁሉ የተሰማ።
«አየርላንድ አለፈላት፣ አውሮፓ ገባች» አሉ፣
ጭቃ በጠገበ ቦት ጫማ ከብት የሚነዱ ሁሉ።

እኔ ግን ያን ዓመት የማስታውሰው ሌላ፦
የስልክ ሰሌዳ፣ ከመስኮቱ ኋላ፣
ሃምሳ ቀዳዳ ያለው፣ ሃምሳ ቤት የሚያውቅ፣
የማን እናት ታማ፣ ማን ከማን ጋር ሲስቅ፤
ከሰሜን የቦምብ ወሬ፣ ከደብሊን ስጋት፣
በጆሮዬ ሲያልፍ ቀን ከሌሊት።

ወንበሩ የሷ ነው፤ የአትራክታ ሩዌን።
ትራሱ እስከ ዛሬ አልረሳም ቅርጿን።
በሃምሳ ስምንት ላይ ቅዳሜ ተዳረች፤
ዓርብ ማታ ቁልፉን አስረክባ ወጣች።
ሕጉ እንዲህ ነበራ! ያገባች እንደሆን
ለመንግሥት አትሠራም፤ ትጠብቅ ቤቷን።
ጥቂት ገንዘብ ሰጧት በታሸገ ፖስታ፣
ባልደረቦቿ ሰዓት፣ አለቃው ሰላምታ።
ማንም አልተቆጣ። እሷም ከበሩ ላይ
ጣቷን ከፍ አድርጋ፣ ቀለበቱ እንዲታይ፣
«መስመሩ ተይዟል» ብላ ሳቀች አሉ፤
ያ ቀልድ ከረመ፣ ሲነገር በሁሉ።

በሰባ ሦስት ሐምሌ ሕጉ ተሰረዘ።
ጋዜጣው ላይ፣ ከታች፣ ትንሽ ጥግ ያዘ፤
ከላይ የበሬ ዋጋ፣ ከጎኑ የሞተ ሰው፣
ቆርጬ በቦርሳዬ ያኖርኩት ያንን ነው።

መስከረም አገባሁ። ሰኞ በማለዳ፣
የሠርጉ ብጥስጣሽ ከፀጉሬ ሳይጸዳ፣
ማዳመጫ ደፋሁ። ማንም አልከለከለኝ።
አለቃው ሳል ሳል አለ፣ አየኝና አለፈኝ።

በአራት ሰዓት ግድም አትራክታ ገባች፣
ካፖርቷ እየተንጠባጠበ፣ ቅርጫት እንዳንጠለጠለች።
ቴምብር አልገዛችም።
የልጆች አበል ቀኗም አልነበረም።
ጣቴ ላይ ዐይኗ አረፈ፣ ምንም ሳትናገር፣
ከዚያም ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ቀድሞው ወንበር።
«እኔስ?» አላለችም። ታውቃለች፣ ሕግ አንገቱ
ወደ ኋላ አይዞርም፤ ግትር ነው ፍጥረቱ።

ጥግ ካለው የስልክ ሳጥን ገብታ በሩን ዘጋች፣
ዓሣ ያለባትን አሥር ፔንስ ጣለች።
መብራቷ በራልኝ። ገመዴን ሰካሁት።
«ማንን ላገናኝዎ?»
ትንፋሽ ብቻ። ዝናብ።
«ድምፅሽ ይቸኩላል» አለች ከቆይታ፣
«ቀስ በይ፤ ደዋይ ሁሉ ይፈልጋል ፋታ።»

ሁለተኛውን ቁልፍ ስትጫን፣ ሳንቲሟ
ኳ ብላ ወረደች።
ሞይ ወንዝን ሽቅብ ወጥቶ
ዓሣ እንኳን ቤቱ ይገባል። እሷ ግን ሳንቲሙን
ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ኮሌታዋን አቁማ፣ ወጣች።

ታኅሣሥ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፍ መንገድ ዘጋ፤
ኑሮው ተወደደ፣ ከወተት እስከ ሥጋ።
እነአትራክታ ቤት ስልክ አልገባም፤ እኛ
የላክነው ማመልከቻ ደብሊን ላይ እንደተኛ።
ቁጥሯ ግን አለች፣ ከሰሌዳው ጥግ፣
ሠላሳ አንድ፣ ባዶ።
ማታ ማታ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣
በመሐረብ ጫፍ እወለውላታለሁ፤
ማንም አልያዛትም፣
አቧራም እንዳይይዛት።