ኋላዋ ሲቀድም

ሁለት በር ብቻ ናት። ኮፈኗ ረጅም፣
በነሐሴ ጭቃ ቀይ ቀለሟ አይፈዝም።
ከሟቹ መሐንዲስ ልጆች ተደራድሬ፣
ግማሹን በቁጠባ፣ ግማሹን ተበድሬ፣
ሴሊካ ገዛሁ።

ማርቆስ ሳቀብኝ።
«ምናለ በቅሎ ብትገዛ፣ ቢያዝን፣ ወይ ባጃጅ፣
ይቺ የአስፋልት ልጅ
እንዴት ነው የምትወጣው የጮቄን ደጅ?»

አልተሳሳቱም።
ጉልበቷ ከኋላ ነው። ሞተሩ ፊት ተቀምጦ ያዛል፣
ትራስሚሲዮኑ ትእዛዙን ይዞ በሆዷ ስር ይጓዛል፣
የሚገፋት ግን የኋላ ጎማ ነው፣ የቀለለ፣
እንደ ችኩል እንግዳ «ልነሳ ነው» እያለ።

ስለዚህ ድንች ጫንኩባት።
ከሮብ ገበያ አንድ ኩንታል፣ ፖርቶ ባጋሊው ውስጥ፣
ቂጧ መሬት እንዲይዝ፣ እንዳትደናበር ስትሮጥ።

«ስማ» አለኝ ጋሽ አንሙት፣ የኤንትሬ ሾፌር የነበረ፣
የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ በጣቱ የቆጠረ፤
«ኋላዋ ሲከዳህ ፍሬን አትርገጥ፣ አትደንግጥ፣
ወደ ሸሸበት አዙር፣ መሪውን ስጥ።
ዓይንህን ከገደል አንሳ፣ መንገዱ ላይ ትከለው፣
መኪና እንደ በቅሎ ነው፣ ጌታው ያየውን ነው የሚከተለው።»

«ገባኝ» አልኩት።
በጆሮዬ ገባኝ። እግሬ ግን ገና አልሰማም።

ሰኞ ሰኞ እወጣለሁ፣ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣
መድኃኒት ቤቱን ልከፍት።
ማሞቂያዋ ከሞተ ቆየ። መስታወቱን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣
ትንፋሼ መልሶ ያለብሰዋል፣
ግማሹን አገር እያየሁ፣ ግማሹን በግምት እነዳለሁ።

የቡሄ ማግስት ነበር።
«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይላል ሰው፤ ጮቄ ግን አልሰማ፣
ጣሪያዬ ላይ ጅራፍ አጮኸብኝ፣ ያውም ያለ ዜማ።
በረዶው ወረደ፣ መጀመሪያ እንደ አተር፣ ቀጥሎ እንደ ባቄላ፣
ገብሱን አስተኛው፣ ለመንገዱም ሰጠው ሌላ ገላ።
ጅብራዎቹ ነጭ ጠምጥመው፣ ለማኅሌት እንደቆመ ደብተራ፣
ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ያዩኛል በተራ።

ሁለተኛ ማርሽ። ነዳጅ በስሱ፣ እንደ ዓይን መድኃኒት ጠብታ፣
አንድ ኩርባ አለፍን፣ ሁለተኛውንም፣ በእርጋታ።
ሦስተኛው ላይ
ኋላዋ ቀደመኝ።

በጎን መስኮቴ የመጣሁበትን መንገድ አየሁ፤
ፍሬን ረገጥኩ። አዎ፣ ረገጥኩ። አንሙትን ረሳሁ።
ቦይ ውስጥ ገባች፣ ቀስ ብላ፣ ደክሞት እንደሚጋደም፣
ሞተሩ ዝም። በረዶው ዝም። እኔም ዝም።

ከዚያ ሰው መጣ።
ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ፤ ባዶ ነበር አገሩ።
የኔአየሁ የሚሏት ሴት ከምድጃዋ አመድ አፍሳ
በቁና አመጣች፤ ከጎማው ስር በተነችው ሳትሳሳ።
«አመድ በዱቄት ይስቃል» ሲሉ ስድብ ነበር የሰማሁት፤
ያን ቀን በዚያ ነጭ ላይ ሲስቅ፣ እውነትም፣ በዓይኔ አየሁት።

ሦስት ሰዎች ትከሻቸውን ለኋላዋ ሰጡ፤
«በል ስጣት!» አሉኝ፤ ሰጠኋት፤ ጭቃዋን በየፊታቸው ጠጡ።
ከኋላ የምትገፋው፣ ከኋላዋ ተገፍታ፣
ወጣች፣ ማርሚታዋ እየሳለ፣ አንዴ ግራ ቀኝ አይታ።

ብር አልወሰዱም።
ድንች ልስጥ ብል የኔአየሁ ሳቀች፤ «ለሲናን ሰው ድንች?
ይልቅ ሰው ጫንባት፣ ሰው ይሻላታል ለእንዲህ ያለች።»
ሽታውና ልንገር ከኋላ ወንበር፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ስር አጥፈው ተቀመጡ፣
«ክብደት ነን!» እያሉ፣ እስከ ጤና ጣቢያው ሳቅ አላቋረጡ።

አሁን መስከረም ነው።
ፖርቶ ባጋሊውን ስከፍተው ድንቹ በቅሏል፣
ነጭ ነጭ ጣት አውጥቶ መለዋወጫ ጎማውን አቅፏል።
ላወርደው ነበር።
ቀና ብዬ ጮቄን አየሁና
ክዳኑን ቀስ አድርጌ መለስኩት።