ቅጥያ

ልደታ፣ ከጠበቃው ቢሮ፣
ኑዛዜው ተነቦ፣ የወንድሞቼ ድርሻ አንድ ባንድ ተቆጥሮ፣
ከጀርባው ብጫቂ ወጣች፣ መዳፍ የምታህል።
«ይህቺን» አሉ አቶ ልሳኑ፣ «እንግሊዝ ይላታል ኮዲሲል።
ጥንት በላቲን ግንድ ነበረች፣ የዛፍ ግንድ፤
ተፈልጣ ሰሌዳ፣ ተጠርዛ መጽሐፍ፣ እንዲያ እንዲያ ስትሄድ
ጫፏ ላይ ቅጥያ ገባና አነሰች፤
ግንዲት እንደማለት፣ ይኸው ወረቀት ሆነች።»

አባቴ ላቲን አያውቅም። ሰዓት ነበር የሚጠግን፣
ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን።
በኑዛዜው «ሱቁ ይሸጥ» ብሏል፤ ከዚህች ላይ ግን፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
«ሱቂቱ ለትርንጎ» ብሎ፣ ከአራት ነጥቡ ሁለቱን ብቻ አስቀመጠ።

ትናንት ሄድኩ። ሱቁ ፈርሷል፣ መንገድ ወጥቶበታል።
ሱቂቱን ግን፣ ለሁለት ታጥፋ፣
ቦርሳዬ ይዟታል።