መጣፊያ

በቫቱሌሌ ደሴት፣ በቆርቆሮው ትምህርት ቤት፣
ከሰሌዳው ጎን፣ ጨዋማው ነፋስ በሚገባበት፣
አንድ ካርታ ነበር። ማን እንዳመጣው እንጃ፤
ከጥጉ የደበዘዘ ማኅተም እንጂ የለውም ማስረጃ።

ውቅያኖሱ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ የእጅ ሥራ፦
የፓፑዋ ጋሻ፣ የአላስካ ጭምብል ባለ ምንቃር አሞራ፣
የማኦሪ የአጥንት ማበጠሪያ፣ የፔሩ ጥለት፣
የጃፓን ጃንጥላ፣ ዝናብ ያልነካት።
ሠዓሊው ደስ ብሎታል፤ ጉንጩን የነፋ ነፋስ ሥሎ፣
ዓሣ ነባሪውን እንኳ ንቅሳት አልብሶ ሰዶታል ኩሎ።

ደስ የሚል ካርታ ነው። እኛ ግን የለንበትም፤
ለፊጂ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምንም።
በእኛ ቦታ አንድ የሚበር ዓሣ ጭራውን ጥሏል፤
መምህር ኤሮኒ፣ “አልተረሳንም፤ ከዓሣው ሥር ነን” ብሏል።

በቀርከሃው ዱላ ጫፍ፣ በየማለዳው፣ ጠቅ፦
“እዚህ ነን።” እኛም በየተራ፣ በጣታችን፣ ጠቅ።
ኮኮናት ዘይት የነካው ጣት፣ አሣ ያጠመደ ጣት፣
ቀለም የነከሰው፣ መንጠቆ የወጋው ጣት፣
እዚህ ነን፣ እዚህ ነን፣ ዓመት በዓመት ላይ፣
ወረቀቱ እስኪሳሳ፣ ግድግዳው እስኪታይ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱሊአና ነካችው፤
ጣቷ ወደ ውስጥ ገባ። ደንግጣ አየችው።
መምህሩ አልተቆጣም። ቀዳዳውን አየና፣
“ደርሰናል” አለ። ላከ ወደ ቪሊማይና።

ቪሊማይና ማሲ ቀጥቃጭ፣ ከቅርፊት ልብስ የምታወጣ፣
ድብደባዋ የሚቀሰቅሰን ጀምበር ሳትወጣ፣
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካርታው ፊት ቆመች፤
ልትጠግነው መጥታ፣ መጀመሪያ ሳቀች።
በፊጂ በኩል የተሣለችው ያቺ ሴት
በአየር ላይ ትመታለች፤ ግንድ የላት፣ ቅርፊት የላት!
“ይህቺ ሴትዮ” አለች፣ “ማንን ነው የምትመታው?
ባሏን ይሆን?” መምህሩን እንኳ ሳቁ አመለጠው።

ከዚያ ዝም አለች። ከፔሩው ጥለት ዓይኗ አልነቀል አለ፤
ጥርስ መሳይ ጠርዙን በጥፍሯ እየለካች፣ “ይሄ እኮ እኛም ዘንድ አለ፤
ማን ከማን ወሰደ?” አለች። አልጠበቀችም መልስ፤
ውሃው ብዙ ነው መሃሉ፣ ሁሉን የሚያዳርስ።

ካሳቫ አፍልታ ማጣበቂያ አወጣች፤
ከቀጭኑ ማሲ መዳፍ የምታህል ቀደደች፤
በመቀስ አልቆረጠችም፣ ጠርዙ እንዲያወጣ ሥር፣
ወረቀቱን ከኋላ ጨብጦት እንዲያድር።
ከዚያ ቀለሙ፤ ጥላሸትና ቀይ አፈር።
ያተመችበት ቅርጽ ከራጅ ፊልም የተፈለቀቀ ነበር፦
የሟቹ ባሏ የደረት ራጅ፣ ከሱቫ ሆስፒታል የመጣ፤
በጎድን አጥንቶቹ መሃል ነው ኮከቡ የወጣ።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሙጫ ያዡ እኔ ነኝ፤
የካሳቫው ትኩሳት ከመዳፌ ዛሬም አልለቀቀኝ።
ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ዓይኔ እያየ ጣፈች፤
የካርታ ሠሪው የዘለለውን ደሴት፣ በቀዳዳው ላይ ጣፈች።

ከስንት ዘመን በኋላ መጣ ባለ ነጭ ጀልባ፣ አሮጌ ነገር ሰብሳቢ፤
መነጽሩን አውርዶ፣ ካርታውን እንደ ደብዳቤ አንባቢ፣
“ብርቅ ነው” አለ። ወዲያው መጣፊያዋን አየና፣
“ይህቺ ባትኖር፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነበርና…”
መምህር ኤሮኒ አርጅቷል፤ ጆሮው ከብዷል።
“ምን አለ?” አለኝ። ነገርኩት። “ታዲያ እሷን ትቶ ዙሪያውን ይግዛ” ብሏል።

ዛሬ ሰማያዊው ገርጥቷል፤ ጭምብሉ ዓይኑን ከድኗል፤
የዓሣ ነባሪው ንቅሳት ከባሕሩ ጋር ተደባልቋል፤
ጃንጥላዋን ብል በልቷታል።
መጣፊያዋ ግን ጥቁሯ ጥቁር፣ ቀይዋ ቀይ።
ልጆች ይሰለፋሉ፣ ጨውና ዘይት ጣታቸው ላይ።
ጠቅ። እዚህ ነን። ጠቅ።
ከጣት ብዛት ለስልሳለች፣
እንደ ጆሮ ጫፍ።
እስካሁን አልተቀደደችም።