ከነቤቱ

በሚያዝያ ሙቀት፣ በአዳማ ቀትር፣
ፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከላሜራው ጥግ ሥር፣
ማራገቢያው ጮኸ፣ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ፤
ባለጉዳይ ቆሞ ኮምፒውተሬ ሞተ።

ሚፍታህ መጣ። በካቻቢቴ ሆዱን ከፈተና
የከተማውን አቧራ በጭብጡ ዘገነና
«ይኼን ይዘሽ ነው ክስ የምትጽፊ?» አለ፤
«ማዘርቦርዱ አበቃ። ሐርድ ዲስኩ ግን አለ።
አዲስ ኮምፒውተር ግዢ፤ እኔ ፋይልሽን ላውጣ፣
የዕቁብሽ ተራ ከወጣ።»

አልወጣም ነበር። የሰው ተራ ለምኜ ወሰድኩ፣
አዲሱን በባጃጅ ጭኔ ላይ ይዤ ወረድኩ።

ፋይሉን ገለበጠ። ከፈትን አንዱን፣
የወይዘሮ ዲንቄን የውርስ ክስ። እስቲ እዩ ጉዱን፦
«ለተከበረው» ያልኩት ቅንፍና ፐርሰንት፣
«ሟች ባለቤቴ» ያልኩት ሦስት ጥያቄ ምልክት፤
ቤቱ፣ ቦታው፣ ድንበሩ፣ የልጆቹ ስም ዝርዝር
የነጥብ፣ የኮማ፣ የዶላር ትርምስ ብቻ ነበር።

«በድሮ ግዕዝ ነው፣ አዲሱ በማያውቀው።»
«ፕሮግራሙን ጫንልኛ!»
«ከየት ላምጣው?
ሲዲው ጠፋ፣ ቁልፉ ጠፋ፣
የጫነውም ሰው…»

የጫነው ወርዶፋ።

ወርዶፋ፣ በሁለት ጣት ጽፎ ከአሥር ጣት የሚቀድም፣
ዳኛ ፊት የሚሄድ ወረቀት ላይ ነጥብ የማያጎድም፤
ሽርክናችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ ነበር፣
ሁለት ክረምት ሞላው ከለበሰ አፈር።
ወንበሩን እስካሁን ለማንም አላከራየሁም፤
ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሚፍታህ ራሱን አከከ።
«እንግዲያው እንንቀለው ከነቤቱ፣
ከነማገሩ፣ ከነምሰሶው፣ ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ።»

ዲስክ ከዲስክ ታሰረ። አሥራ ሁለት ከመቶ። ሠላሳ። አርባ አንድ።
ውጭ ንፋሱ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ አቧራ ያዞራል እንደ ጉድ።
ስልሳ ሦስት ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ፤
ሚፍታህ «ያ ረቢ» አለ፤ እኔ አማተብኩ፤ ዩፒኤሱ አለቀሰ።
ዘጠና ዘጠኝ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ፤
ሚፍታህ ሻይ አዘዘ፣ ሌላ ቦታ አየ።

አለቀ። አስነሣው።
ፊቱ ሰማያዊ ሆነ። ጠፋ። ዳግመኛ ሰማያዊ።
«ምን ይላል?»
«‹ይኼ ገላ የኔ አይደለም› ይላል፤
እንደ አዲስ ተከራይ ከግድግዳው ይጣላል።
ድራይቨሩ ነው፤ አሮጌ ሾፌር፣ የለመደው ጋሪ፣
ሲኖትራክ ላይ አውጥተነው የት ያውቃል መሪ?»
ከባዮሱ ገብቶ አንድ መስመር ቀየረ፣
አዲሱን «አርጅ» አለው፤ አሮጌው ደፈረ።

መጣ። የወንጂ ሸንኮራ፣ ወርዶፋ ያነሳው፣
ሳይክሉ ጥግ ላይ ተጋድሞ፣ ማንም ያላነሳው።
የዲንቄ ክስ ተከፈተ። ፊደሉ ተመለሰ፤
ሟቹ ሟች ሆነ፣ ድንበሩ ድንበር፣ ወራሹም ወረሰ፤
ወይዘሮ ዲንቄ ከበር ሆነው «በገጽ ስንት ነው?» አሉ፤
ዋጋው ግን አልቀነሰ።

ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወጣ፦
«ይህ ቅጂ እውነተኛ አይደለም።» ሚፍታህ ሳቀ እንጂ አልተቆጣ።
«ወርዶፋ በቅጂ ነው ያስገባው። ሠላሳ ቀን ቀጥሮሻል፤
ይግባኙ ያንቺ ሙያ ነው፤ ማን ካንቺ ይሻላል?»

ሄደ። መሸ። የዲንቄን መዝጊያ ልጽፍ ብዬ
«በእ» አልኩ። ሁለት ፊደል።
ቀሪውን ራሱ ጨረሰው፣ ወርዶፋ እንዳስለመደው፣
በእሱ ቃል፣ በእሱ ነጥብ፣ ሳልነካው፣ ሳልጎትተው፦

«በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ጥጉ ላይ «እውነተኛ አይደለም» ይላል አሁንም።
አተምኩት።
ወረቀቱ ላይ ያኛው አይወጣም።