ከዳሌ እስከ ጥፍር

ሁለት ዓመት ሙሉ ሸምድጄ ሸምድጄ፣
ማኅተም ያረፈበት ሠርተፊኬት ይዤ፣
ከአውቶቡስ ወረድኩ ከኮረብታው ግርጌ፣
ካረጋውያን ቤት የሌት ሥራ ፈልጌ።

እነሱ ግን ቃሉን ከወገብ ይቆርጡታል፣
የቀረውን ደግሞ በ"ለ" ይቋጩታል፤
ቤቱም "ሃይስለ" ነው፣ ዳቦውም "ቬክለ"፤
መዝገበ ቃላቴ "አላውቃቸው" አለ።

"ሄብ!" አለች ጌርሊንደ፣ ባለጎማው ወንበር ሊንሸራተት ሲል፤
"አንሣ" ነው በመጽሐፍ፤ አነሣሁ ከነሰው፣ እንደ ስንዴ ኩንታል።
"ያዝ ነው ያልኩህ፣ ያዝ!"
ሽማግሌው ግን ወደዱት፤ "ድገመኝ" አሉኝ።

ፍራው ሄበርለ ናቸው በሌሊት የጠሩኝ፣
"ፉሴን! ፉሴን!" እያሉ አንጀቴን የበሉኝ።
ፉስ መርገጫው ብቻ፣ ከላይ ያለው ባይን፤
ቀዩ የመምህሬ መስመር ድቅን አለኝ ባይኔ።
ካልሲ አወለቅሁኝ፣ ተረከዝ አሸሁኝ፣
ጣቶቻቸውን አንድ ባንድ እየነካሁ ጠየቅሁኝ።

ሳቁ፣ በሕመማቸው መሐል።
እጄን ያዙና ከጉልበት አሳልፈው
ዳሌያቸው ላይ አኖሩት።
"ዳ!" እዚህ።

ለካ በዚህ ተራራ ከዳሌ እስከ ጥፍር
ሁሉም አንድ ፉስ ነው፤
እኔስ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ የምለው
እግር አይደል? እግር።
እናቴ "እግሬን አመመኝ" ስትል
"የቱን?" ብያት አላውቅም።
በሁለት ዓመት አንዴ፣
ሳልተረጉም ገባኝ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሊነጋጋ ሲል
ጌርሊንደ ኮቷን እየደረበች
"ነገ በሦስት ሩብ ስድስት ግባ" አለችኝ።

ሦስት ሩብ ስድስት?
ሰዓቴን አየሁት።
እሱም አልገባውም።